በግምት የተጻፈ ዕድሜ፣ በዕድሜ የሚለካ መድኃኒት

በልብ ሕክምና መመሪያዎች ውስጥ 75 ዓመት እንደ ድንበር ይቆጠራል። ልብን የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ የልብ ጡንቻ መሞት ሲጀምር፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው ቴኔክቴፕላዝ የተባለ መርፌ ከዚህ ድንበር ላለፈ ሕመምተኛ መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል፤ ደም እንዳይረጋ ከዚሁ ጋር የሚሰጠው ኢኖክሳፓሪንም በደም ሥር የሚገባው የመጀመሪያ መርፌ ቀርቶ፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋው በሩብ ያንሳል። ጥንቃቄው በዋዛ የመጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመው ስትሪም የተባለው ጥናት ገና በሂደት ላይ ሳለ በአረጋውያን ላይ አንጎል ውስጥ መድማት በዝቶ በመታየቱ፣ 75 ዓመት የሞላቸው ሁሉ የመርፌውን ግማሽ ብቻ እንዲወስዱ ተወስኖ ነበር።

ይህ ድንበር ግን የተሠመረው የልደት ቀኑን በሰነድ ለሚያውቅ ሕዝብ ነው። ከጎንደር በስተምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በመተማ መንገድ ላይ በምትገኘው የጭልጋ ከተማ አይከል ወደ ሆስፒታል የሚመጣ አረጋዊ ዕድሜው ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ሳይሆን በዘመን ይመልሳል፤ ጣሊያን በወጣ በስንተኛው ዓመት እንደተወለደ ወይም ንጉሡ ከሥልጣን ሲወርዱ ስንት ልጅ እንደነበረው ይናገራል፤ ካርድ ጸሐፊውም ገምቶ 70 ወይም 80 ብሎ ይመዘግባል። የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በሀገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ ጸጉራቸው የሸበተ የአይከል ነዋሪዎች በዚያ መዝገብ ውስጥ የልደት ቀን የላቸውም። በግምት የተጻፈ ቁጥር የመርፌውን መጠን ሲወስን፣ ሐኪሙ በሳይንስ የሠራ ይምሰለው እንጂ የሚያክመው በግምት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚታመነው የሰውነት አቅም ነው። ሀገሬው «ጉልበቴ ከዳኝ» የሚለውን፣ ይህ ሐተታ ዝለት የሚለውን ሁኔታ፣ ሊንዳ ፍሪድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 በአምስት ምልክቶች ገልጸውታል፤ ሳይፈልጉ መክሳት፣ ሁልጊዜ መድከም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ እርምጃ መዘግየት እና እንቅስቃሴ መቀነስ። ከእነዚህ ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ የተገኙበት ሰው የዛለ ነው ይባላል፤ ይህም ማለት ለሌላው ቀላል የሆነ ጉዳት፣ አንድ ትኩሳት ወይም አንድ የመድማት አጋጣሚ እርሱን አልጋ ላይ ሊያስቀረው ይችላል ማለት ነው። ዝለት ከዕድሜ ጋር ይጨምር እንጂ ከዕድሜ ጋር አንድ አይደለም፤ በ82 ዓመታቸው አቀበቱን ወጥተው ገበያ የሚውሉ እናት እና በ68 ዓመታቸው ከደጃፋቸው የማይርቁ አባት በአንድ መንደር ይኖራሉ፤ በካርዱ ቁጥር ከተሄደ ግን ሙሉው መርፌ ለአባት፣ ግማሹ ለእናት ይደርሳል።

ዝለትን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በደኅና ጊዜ አራት ሜትር ለመራመድ ከአምስት ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት ሰው ያጠራጥራል፤ በሕመም ለወደቀው ደግሞ የሚጠየቀው ከሁለት ሳምንት በፊት እንዴት እንደነበረ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግሩ ይደርስ ነበር ወይ፣ ልብሱን ራሱ ይለብስ ነበር ወይ፣ ሲመገብ ሰው ይረዳው ነበር ወይ? አስታማሚው ይህን ሁሉ ከልደት ቀን ይልቅ አጥርቶ ያውቃል።

አደጋው ከሁሉ በላይ የሚከፋው በመድማት በኩል ነው። የዛለ ሰው ሥጋው የሳሳ በመሆኑ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል፤ ኢኖክሳፓሪን የሚሰላው ደግሞ በኪሎ ነውና በቃሬዛ መጥቶ ሚዛን ላይ መቆም ያቃተው ሕመምተኛ ኪሎው ሲገመት ስሕተቱ በቀጥታ ወደ መርፌው ይገባል። ኩላሊትም ያታልላል፤ ክሬያቲኒን የተባለው የላብራቶሪ መለኪያ ከጡንቻ የሚመነጭ ስለሆነ፣ ጡንቻው ባለቀ ሰው ላይ ኩላሊቱ እየደከመም ውጤቱ ጤናማ ሊመስል ይችላል፤ በዚህ መሐል በኩላሊት የሚወገደው መድኃኒት በደም ውስጥ ይከማቻል። በዚህ ላይ በደጋው ብዙ አረጋውያን ለጉልበታቸው ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን አለ፤ ለልብ ሕመም ከሚሰጡት ከአስፒሪንና ከክሎፒዶግሬል ጋር ሲገናኝ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። «ሌላ የሚወስዱት ኪኒን አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙዎች ይህን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥሩት ሳይናገሩ ይቀራሉና በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይገባል።

የልብ ሕመሙ ራሱ መልኩን መለወጡ ሌላው ችግር ነው። በአረጋውያን ላይ ደረት ሳይጨመድድ ትንፋሽ በማጠር፣ በማስመለስ፣ ራስን በመሳት ወይም በመቃዠት ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ ቤተሰብም ጨጓራ ነው ወይም ብርድ ነው ብሎ ሌሊቱን ያሳድራል፤ ረግቶ የዘጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ ግን የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

መጠኑን መቀነስ ሕክምናውን መንፈግ ማለት አይደለም፤ «አርጅተዋል» ብሎ አስፒሪንን እንኳ ሳይሰጡ መመለስ እንደ መጠን ማብዛቱ ሁሉ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው አይሲስ ሁለት የተባለው ከ17,000 በላይ ሕመምተኞችን የያዘ ጥናት ርካሹ አስፒሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ሕመም የሚደርሰውን ሞት በ23 ከመቶ እንደሚቀንስ ያሳየ ሲሆን፣ አስፒሪን ደግሞ ከአይከል የራቀ መድኃኒት አይደለም።

የሚከብደው ውሳኔ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የጠበበውን የልብ ደም ሥር በቀጭን ቱቦ የመክፈት ሕክምና በሀገሪቱ በአብዛኛው የሚገኘው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ከጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የዘለቀው ግጭትም መንገዱን ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ ለመሄድ ሲነሣ ሊነገረው የሚገባ እውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ሲኒየር ሪታ የተባለ የብሪታንያ ጥናት፣ የደም ሥራቸው ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋ 1,518 ሕመምተኞችን፣ ሁሉም 75 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ሲሶ ያህሉም የዛሉ፣ ከአራት ዓመት በላይ ተከታትሎ ነበር፤ በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት ወይም ዳግም በልብ ሕመም መመታት በቱቦ ሕክምና ከታከሙት 25.6 ከመቶውን፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 26.3 ከመቶውን አግኝቷል፤ ይህም ልዩነት አለ የሚያሰኝ አይደለም። ለሞት ያላደረሰው ዳግም ሕመም ግን በቱቦ በታከሙት ላይ አንሷል። ስለዚህ ጠንካራዋ እናት ብትሄድ ሊጠቅማት ይችላል፤ የዛለው አባት ግን ጎንደር ድረስ መጥቶ መድኃኒቱ በልኩ ቢስተካከልለት ከጉዞው የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል፤ የደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ ለተዘጋበት ሰው ይህ ስሌት አይሠራም፤ ለእርሱ ደሙን የሚያሟሟው መርፌ ቅርብ ቦታ መገኘቱ ከሁሉ ይቀድማል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሥሩ በ1947 ዓ.ም. ለገጠሩ ጤና መኮንኖችን ሊያሠለጥን ከተከፈተው ኮሌጅ የሚመዘዝ እንደመሆኑ፣ ከአይከልና ከሌሎች ወረዳዎች ለሚመጣ የሪፈር ወረቀት ሁለት መስመር መጨመር ለእርሱ የሚከብድ አይሆንም፤ አንደኛው ሕመምተኛው ከሁለት ሳምንት በፊት ምን መሥራት ይችል እንደነበረ፣ ሁለተኛው በሚዛን የተለካ ክብደቱ። ሦስተኛ መስመር ቢታከል ደግሞ አረጋዊው ራሱ የፈለገው ምን እንደሆነ ይጻፍበት፤ በልማድ ክፉ ወሬ ከታማሚው ተደብቆ ለልጆቹ ብቻ ስለሚነገር፣ አዲስ አበባ ይሂድ አይሂድ ሲመከር እርሱ በዚያው ክፍል ተኝቶ ሳለ የሚጠይቀው የለም።