የጡረታ ገንዘብ በውርጭ መሬት ላይ

በአዲስ አበባ 60 ዓመት ሞልቶት ከሥራ የተሰናበተ ሰው ከጓደኞቹ የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ቁራሽ መሬት ያዝ፣ አቮካዶ ትከል፣ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለህ ብላ።

ምክሩ ከቅን ልብ የሚመነጭ ነው። ነገር ግን የ30 ዓመት ጥሪት ያስበላል፤ ምክንያቱም «ምን ያዋጣል?» ብሎ ይጀምርና መሬቱን ሳይጠይቅ ያልፋል።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። አቮካዶ፣ በተለይ ገና ችግኝ ሳለ፣ ውርጭን አይችልም። የሜዳው ጥቁር አፈርም ክረምት ላይ ውኃ ያቁራል፤ የአካባቢው ገበሬ ሜዳውን ለሣር የተወው ይህን ስለሚያውቅ ነው። የአቮካዶ ሥር ደግሞ ውኃ በተኛበት አፈር ይበሰብሳል። የስኬት ምሳሌ ተደርገው የሚጠቀሱት ይርጋለምና የሜጫው ቆጋ መስኖ ከሱሉልታ ቢያንስ 500 ሜትር ዝቅ ያሉ ቦታዎች ናቸው። የዚያን አገር ትርፍ ወደ ውርጭ አገር ቆጥሮ ማምጣት አይቻልም።

ሰበታ ዝቅ ያለች ስለሆነች፣ ነፋስ በማይመታው ግቢ ውስጥ አንድ ሁለት ዛፍ ሊያፈራ ይችላል። ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ በጓሮ ያፈራችውን አንዲት ዛፍ አይተው መቶ ችግኝ ይገዛሉ። የጓሮዋ ዛፍ የቤቱ ግድግዳ ከብርድ ይጋርዳታል፣ የእቃ ማጠቢያው ውኃ ያጠጣታል። ሜዳ ላይ ለተተከለው መቶ ችግኝ ይህን የሚያደርግለት የለም።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የተዳቀለ አቮካዶ እንኳ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ዓመት የሚያስተማምን መሬት ማን አለው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል፤ ከገበሬ እጅ በእጅ «የተገዛ» ማሳ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ሦስቱ ከተሞች ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። ዛሬ ማሳ የሆነው ቦታ ነገ በከተማው ፕላን መንገድ ሊሆን ይችላል።

«አቮካዶ ካልሆነ ላም» የሚለው ሁለተኛው ምክር ለሱሉልታ ምድር ይስማማል፤ አካባቢው ለአዲስ አበባ ወተት ሲያቀርብ የኖረ ነው። ለጡረተኛው ግን ይስማማል ወይ ነው ጥያቄው። ላም በቀን ሁለት ጊዜ ትታለባለች። በ55 ቀናቱ ዐቢይ ጾም የወተት ገዢ ሲቀንስ የፉርሽካና የፋጉሎ ወጪ አይቀንስም። ቦሌ እያደረ በስልክ ላም የሚያረባ ሰው ገንዘቡን ለጠባቂና ለመኖ ሲከፍል ይኖራል።

የሚበጀው የምክሩን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ ከፍታው፣ አፈሩና የበጋ ውኃው፤ ቀጥሎ የባለቤቱ ጉልበትና በሳምንት ማሳው ላይ የሚውልበት ቀን፤ ገበያው በመጨረሻ። ከሰበታ ወንዝ አትክልት ለማጠጣት ያሰበ ከላይ ምን ፋብሪካ እንዳለ አስቀድሞ ይጠይቅ። ውኃ በማይተኛበት የሱሉልታና የቡራዩ ተዳፋት ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ባቄላና ገብስ ብርዱን ለምደውታል። ዛፍ ካልተከልኩ ለሚልም አፕል አለ፤ ከሱሉልታ በማይተናነስ ደጋ ላይ ያለችው የጋሞዋ ጨንቻ የታወቀችው በአፕል ነው።

ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ሲኬድ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉት የድንች ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው፤ ለደጋው ብርድና በክረምት የድንች ቅጠል ለሚያጠቁረው በሽታ ታስበው የተመረጡ ናቸው። ጡረተኛው ጥሪቱን በሙሉ ከማውጣቱ በፊት ከገበሬ ላይ ጥቂት መሬት በሕጋዊ ውል ተከራይቶ አንድ ክረምት ይሞክር። ሰኔ ላይ የገባ የድንች ዘር ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ይቆፈራል። ካልሆነለት የሚያጣው የአንድ ክረምት ኪራይ፣ ዘርና ድካም ነው፤ የቀረው ገንዘብ ባንክ እንደተቀመጠ ይጠብቀዋል።