ጠርሙሱን አይተን ሰውን ሳናይ



በወጣቶች ኅብረትም ሆነ በቤት ለቤት ጥናት በየጊዜው የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ክርስቲያን ቢራ የሚሸጥበት ቤት ገብቶ ምሳ መብላት ይችላል?» መልሱ ብዙ ጊዜ አይወስድም። አንዱ መዝሙር 1፥1ን ይጠቅሳል፣ ሌላው 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥22ን ይጨምራል፣ ጉባኤውም «አሜን» ብሎ ይበተናል። በሳምንቱ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን «ሐሙስ ማታ ሥጋ ቤት እንገናኝ» ሲለን «እኔ እንደዚያ ዓይነት ቦታ አልገባም» እንላለን። ባልደረባችንም ሁለተኛ አይጋብዘንም።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሳይደገም ስለቀረው ግብዣ ነው። እኛ የወንጌል አማኞች አንድን ምግብ ቤት በመደርደሪያው ላይ በተደረደረው ጠርሙስ መመዘን ለምደናል። ጌታ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ስላለው ሰው ይጠይቀናል፤ አብሮን ስለሚበላውም፣ ቆሞ ስለሚያስተናግደንም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። አባቶቻችን ከጠላና ከአረቄ መለየታቸውን የማቃልል አይደለሁም። የእህሉ ገንዘብ መጠጥ ቤት ይቀር የነበረ ሰው ወንጌልን ሲቀበል ሚስቱ በሰላም አደረች፣ ልጆቹም ጠግበው ተኙ። ያ ለውጥ ከብዙ ስብከት በላይ የሰፈሩን ሰው አስደንቋል። ዛሬም መጠጥ ትዳር ያላፈረሰበት ሰፈር አይገኝም። መንግሥት እንኳ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከልክሏል። እኔም አልጠጣም፤ ማንንም ጠጣ አልልም። ነገር ግን አለመጠጣት አንድ ነገር ነው፤ ከሚጠጣ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ አለመቀመጥ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ራስን መግዛት ነው። ሁለተኛውን ቅድስና ብሎ የጠራው ማን ነው?

እስቲ ጥቅሶቹን እንመልከት። መዝሙር 1 ብፁዕ የሚለው በክፉዎች ምክር የማይሄደውን፣ የዋዘኞችንም ኑሮ ኑሮው የማያደርገውን ሰው ነው። ጉዳዩ የወንበሩ እንጨት ቢሆን ኖሮ በዘመድ ሠርግ ላይ ቢራ በሳጥን ሲወርድ ቁጭ ብለን ክትፎአችንን ባልበላን ነበር። በሠርጉ ላይ የማያረክሰን ጠርሙስ በሥጋ ቤቱ የሚያረክሰን ለምንድን ነው? ወደ ተሰሎንቄ የተጻፈውም ከክፉ ነገር እንድንርቅ ያዝዘናል እንጂ ጎረቤት ክፉ ሊለው ከሚችለው ነገር ሁሉ እንድንሸሽ አያዝዘንም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 5፥9-11 ደግሞ ጳውሎስ አለመተባበርን ሲያስተምር ስለ ዓለም ሰዎች እንዳልተናገረ ራሱ ያብራራል፤ እንዲያማ ከሆነ ከዓለም መውጣት ሊኖርብን ነው። አብረነው እንዳንበላ የሚከለክለን ወንድም ተብሎ እየተጠራ የሚሰክረውን፣ የሚሳደበውን፣ ገንዘብ የሚወደውን ነው። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠነዋል፤ ስግብግቡን ወንድም የክብር ወንበር ሰጥተን ከማያምነው ጎረቤታችን ማዕድ እንሸሻለን።

ጌታችን ስሙ ከጠፋባቸው ምክንያቶች አንዱ አብሯቸው የበላው ሰዎች ናቸው። ሌዊ ግብዣ ባደረገ ጊዜ ቀራጮች በነበሩበት ማዕድ ተቀመጠ (ሉቃስ 5፥29-30)። በላተኛና ጠጪ ብለው አሙት (ሉቃስ 7፥34)። ሐሜቱን ሰምቶ ግብዣ መቀበሉን አልተወም፤ እንደ እነርሱም አልሆነም። ጴጥሮስ ግን በአንጾኪያ የሰው ዓይን ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ራሱን ሲለይ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃወመው፤ አካሄዱ ከወንጌል እውነት ጋር እንደማይስማማ ነገረው (ገላትያ 2፥11-14)። ልብ እንበል፤ ጴጥሮስ የተገሠጸው ስለ በላው ነገር አይደለም፤ ከማዕድ ስለ ተለየ ነው።

በከተማችን ግሮሰሪ ሲባል ሸቀጥ የሚገዛበት መደብር ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በየሰፈሩ ሥጋው ከፊት ተሰቅሎ፣ ድራፍቱ ከጎን የሚቀዳበት ቤት አለ። የታክሲ ሾፌሩ፣ ጋራዥ የሚውለው ወጣት፣ ጡረታ የወጡት አባት እዚያ ይበላሉ። የቤት ኪራይ ጭንቀት፣ የልጅ ሕመም፣ የሥራ ማጣት ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። እኛ ደግሞ ሁለት መንገድ ተሻግረን ጁስ ቤት ገብተን፣ ከእኛው ሰዎች ጋር ማኪያቶ እየጠጣን «ይህች ከተማ ለወንጌል ደነደነች» እያልን እናዝናለን። የደነደነው ማን እንደሆነ ጌታ ያውቃል።

ታዲያ ምንም ወሰን የለም ማለት ነው? አለ። የሚበላበት ቤት ሌላ ነው፤ ስካርና የሴት ልጅ ገላ የሚሸጥበት ቤት ሌላ ነው። ከመጠጥ ሱስ ጌታ ያወጣው ወንድም አብሮን ካለ ደግሞ ጠርሙስ ወደሌለበት ቤት እንሂድ፤ ሮሜ 14 በምግብ ምክንያት ወንድማችንን እንዳናፈርስ ያስጠነቅቀናል። እዚህም ላይ ወሰኑን የሚያሰምርልን የወንድማችን ነፍስ ነው።

ይኸው ሚዛን በጾም ወራትም ይሠራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ከኦርቶዶክስ ወዳጁ ጋር ምሳ ሲገባ ጥብስ አዝዞ «እኛ ነፃ ወጥተናል» የሚል ወንድም አይታችሁ ይሆናል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥25-29 ጳውሎስ በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሳትመረምሩ ብሉ ካለ በኋላ፣ ስለ ሌላው ሰው ሕሊና ሲባል ደግሞ መተው እንዳለ ያስተምራል። ሽሮ ወይም በያይነት ብናዝ ከነፃነታችን ምን ይጎድላል? ሙስሊም ባልደረባችን የሚበላው እንዲያገኝ ወደ ዓሣ ቤት ብንሄድስ? የሚያሳዝነው ነገር ነፃነታችንን ለማሳየት በጾም ሥጋ እንበላለን፤ ቅድስናችንን ለማሳየት ግሮሰሪ እንሸሻለን። በሁለቱም ጊዜ ያሰብነው ስለ ራሳችን ነው።

አሁን ቆማ ወደምታስተናግደን እህት እንምጣ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ዐሥር ዐሥራ ሁለት ሆነን ጠረጴዛ አጋጥመን እንቀመጣለን። መጽሐፍ ቅዱሳችን ከጎናችን ነው። ረጅም ጸሎት እንጸልያለን፤ እርሷም ትሪዋን ይዛ አሜን እስክንል ትቆማለች። ከዚያ ግን በጭብጨባ እንጠራታለን፣ «አንቺ!» እንላታለን፣ ወጡ ቀዘቀዘ ብለን እንቆጣታለን። ወጡን የሠራችው እርሷ አይደለችም። ምግቡ ካለቀ በኋላ ሌላ እንግዳ ቆሞ እየጠበቀ፣ በአንድ አምቦ ውሃ ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን። ሒሳቡን እስከ መጨረሻዋ ብር ተከፋፍለን፣ ቲፕ በሚቀመጥበት ቦታ ትራክት አስቀምጠን እንወጣለን። ወገኖቼ፣ ትራክት የቤት ኪራይ አይከፍልም! እንዲያውም ያንን ወረቀት የምታነበው በእኛ ፊት ነው፤ ስለ ጸጋ የተጻፈውን ጸጋ ከጎደለው ጠረጴዛ ላይ አንሥታ ታነባለች።

ብዙዎቹ አስተናጋጆች ከገጠር የመጡ፣ ቤት ተጋርተው የሚኖሩ ናቸው። ደመወዛቸው አነስተኛ ስለሆነ ኑሯቸውን የሚደጉሙት በቲፕ ነው። ማታ ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓት ይወጣሉ። የሰከረ ሰው እጅ የሚዘረጋው በእነርሱ ላይ ነው። እሑድ ጠዋት እኛ እየዘመርን ሳለ ለምሳችን ጠረጴዛ የሚያሰናዱት እነርሱ ናቸው። ቢራውን ስላየን ቤቱን የተጸየፍን ሰዎች፣ ይህን አይተን ምነው አልተጸየፍን?

በውጭ አገር ያለነውም አናመልጥም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አሠሪው ለቲፕ ተቀባይ ሠራተኛ ከኪሱ እንዲከፍል የሚያስገድደው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህም ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተለወጠም። ቲፑ ተደምሮ 7.25 ዶላር ካልሞላ አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዝዛል። ከዚህ የተሻለ የሚያስከፍሉ ግዛቶች ብዙ ናቸው፤ ባልተሻለበት ግዛት ግን የአስተናጋጇ ደመወዝ የሚከፈለው በአብዛኛው ከእንግዳው ኪስ ነው። እዚያ ተቀምጦ በልቶ፣ ቲፕ ሳይተው «ጌታ ይባርክሽ» ብሎ መውጣት በያዕቆብ 2፥15-16 የተወቀሰውን ሰው መምሰል ነው፤ የተራበውን በቃል ብቻ የሸኘውን።

ምግብ ቤት ላላችሁ አማኞችም አንድ ቃል አለኝ። «በእኔ ቤት ቢራ አይሸጥም» ማለታችሁ መልካም ነው፤ ገቢ ቀርቶባችሁ ሕሊናችሁን መጠበቃችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቆራረጠ ዕረፍት ይሰጣል። አስተናጋጃችሁ ይህን ታገኛለች? ደመወዟስ በቀኑ ይደርሳታል? ያዕቆብ 5፥4 የተከለከለ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ይናገራል። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጥቅስ ያንን ጩኸት አይሸፍነውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በሚቀጥለው ሐሙስ ባልደረባችን ከጠራን እንሂድ። አምቦ ውሃችንን እንዘዝ፤ ሳንሰብክ እንስማ፤ ሲጠይቁን በየዋህነት እንመልስ፤ በጊዜ ተነሥተን ወደ ቤታችን እንግባ። የምታስተናግደንን እህት ስሟን እንጠይቃት፣ በሚቀጥለውም ስንመጣ በስሟ እንጥራት። ወረፋ ካለ ጠረጴዛውን እንልቀቅ። ቲፑን እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ዋጋ አስቀድመን እንመድበው፤ ለእርሱ የሚሆን ብር ከሌለን በዚያ ቀን ቤታችን እንብላ። እሑድ ስለምትሠራ ወደ አምልኮ መምጣት ያልቻለች እንደሆነች ካወቅን፣ በማረፊያ ቀኗ ቡና የምናፈላላት እኛ እንሁን።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ አንባቢዎችም፣ ምናልባት ከእኛ አንዱን ጋብዛችሁ ፊቱን አዙሮባችሁ ይሆናል። ወይም ከእኛ የአንዱን ጠረጴዛ አስተናግዳችሁ ልባችሁ አዝኖ ይሆናል። በዚያ ጌታችንን አትለኩት። እርሱ ዘኬዎስን ከዛፍ አውርዶ ዛሬ በቤትህ ልውል ይገባኛል ያለ፣ ደቀ መዛሙርቱም ሲበሉ ዝቅ ብሎ እግራቸውን ያጠበ ጌታ ነው። ከሚጋብዙት ጋር ተቀመጠ፤ ለሚበሉትም አገለገለ።

ጌታ በማዕድ ዙሪያ ያለውን ሰው የሚያይ ዓይን ይስጠን። አሜን።