ተቀባይ ተመልካች አይደለም

በደሴና በኮምቦልቻ የባህል መድረኮች አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። የመንዙማ ቡድኑ ከፍ ካለ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ሕዝቡ በተደረደረ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ መድረክ መሪውም ማይኩን ይዞ «ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» ይላል። ይህንን የሕዝብ ተሳትፎ ማለት ስህተት ነው። ጭብጨባ ላለቀ ሥራ የሚሰጥ ምስጋና ነው፤ ተሳትፎ ግን ከሌለ ሥራው ራሱ አይኖርም።

ሐርቡን በያዘው የቃሉ ወረዳ ገጠር የሚደረግ ወደጃ፣ ማለትም የጋራ የጸሎት ጉባኤ፣ ልዩነቱን ያሳያል። አውራጁ ስንኙን ያወርዳል፣ ጉባኤው አዝማቹን ይቀበላል፣ ድቤው ሁለቱን ያያይዛል። አዝማቹ እስኪመለስ አውራጁ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ቀጣዩን ስንኝ ያስታውሳል። ተቀባዩ ከሞቀ ያስረዝማል፣ ከደከመ ያሳጥራል። ታዲያ የሥራው ባለቤት አውራጁ ብቻ ነው? አለመሆኑን ታሪክም ያሳያል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲያስገድዱ ተቃውሞውን ከመሩት አንዱ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ነበሩ። በዐረብኛ ፊደል የጻፏቸው የአማርኛ መንዙማዎች ፊደል ካልቆጠረው ገበሬ ዘንድ የደረሱት በተቀባዩ አፍ ነው። ሕዝቡ ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ኖሮ ወረቀት ላይ በቀሩ ነበር።

«ተቀባይ የተሰጠውን ይደግማል እንጂ አይፈጥርም» የሚል ይኖራል። ይህ መደጋገምን ማሳነስ ነው፤ አዝማቹን በልቡ የያዘ ሰው ነገ ራሱ ሊያወርድ ይችላል። በአዝማሪ ቤትማ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ራሱ ይሰጣል፣ ተቀባዩ አዝማሪው ነው። ብራዚላዊው የቲያትር ሰው አውጉስቶ ቦዋል በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተመልካቹ ተዋናይ እንዲሆን ተከራክሯል፤ እሱ ሊያፈርሰው የደከመበትን ግንብ እኛ ባልነበረበት እየገነባን ነው። ሌላው ክርክር ከበድ ይላል፦ መድረክና ቀረጻ ለባለሙያው እንጀራ ናቸው፣ መንዙማውንም ከወሎ ውጭ ያደርሳሉ። እውነት ነው፣ መድረኩ ይቅር ማለትም አይቻልም። ነገር ግን ወንበሩን ክብ ማድረግ፣ አዝማቹን ቀድሞ ለሕዝቡ ማስያዝ፣ አንድ ማይክ ወደ ተቀባዩ ማዞር ምን ያህል ያስወጣል? በስቱዲዮ የጥቂት ሰዎች ድምፅ ተደራርቦ የጉባኤ ድምፅ ሲመስል የሚጎድለውን ለማወቅ ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ ይበቃል፦ ያ አዝማች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ልክ ነው፤ አይደክምም፣ አይሞቅም፣ አውራጁንም አንድ ስንኝ እንዲጨምር አያስገድደውም።