ልማር ነው ወይስ ላርፍ ነው?

የዛሬ ዓመት ማርች ላይ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቀቅኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሶፍትዌር ስጽፍ ከኖርኩበት ኩባንያ የወጣሁት ማንም ሳያባርረኝ፣ ሌላ ሥራም ሳላገኝ ነው። ዉድበሪ ገና በረዶው አልቀለጠም ነበር። ማታ ደብረ ማርቆስ ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ልጄ፣ ተባረርክ እንዴ? እውነቱን ንገረኝ» አለች። «አይ እማዬ፣ ደክሞኛል፤ ትንሽ ላርፍ ነው» አልኳት። ዝምታው ባሰ። «ከዚያ ቢዝነስ ስኩል ለመግባት አመለክታለሁ» ስላት ግን ድምጿ ወዲያው ተቀየረ። «እንደሱ አትለኝም! ለትምህርት ከሆነማ እግዚአብሔር ይርዳህ!»

ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ዘንድ «ልማር ነው» የሚያስመርቅ ቃል ነው። «ላርፍ ነው» ግን ወይ ታሟል፣ ወይ ሰንፏል፣ ወይ ተባሯል ያሰኛል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሲደክመን ዕረፍቱን በትምህርት ስም እንገዛዋለን። በበኩሌ የምለው አጭር ነው፦ ዕረፍት ያስፈለገው ይረፍ፣ ኤምቢኤ ያስፈለገው ይማር። አንዱን በሌላው ስም መግዛት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ብድሩ ደግሞ ቀላል አይደለም። በታወቁት ትምህርት ቤቶች የሁለት ዓመት ኤምቢኤ ከኑሮ ወጪ ጋር ከ200,000 ዶላር በላይ ይፈጃል፤ የሚቀረው ደመወዝ ሳይቆጠር ማለት ነው። ክፍተቱን ይሞላ የነበረው ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድርም እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲቀር ተደርጓል። በዚሁ ሕግ መደበኛው የማስተርስ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በዓመት እስከ 20,500፣ በጠቅላላው እስከ 100,000 ዶላር ነው። የቀረውን ከኪሱ ወይም ከግል ባንክ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ካላንደሩ እንምጣ፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዙር ማመልከቻ ሴፕቴምበር ላይ፣ ሁለተኛው ጃንዋሪ ላይ ይዘጋል። ትምህርቱ የሚጀምረው በተከታዩ ኦገስት አካባቢ ነው። እንደኔ ማርች ላይ ለቅቆ በሴፕቴምበር የሚያመለክት ሰው፣ ቢቀበሉት እንኳ፣ ክፍል የሚገባው ከ17 ወር በኋላ ነው። ሥራ ላይ ሆኖ በጃንዋሪ ያመለከተው ግን መልሱን በጸደይ ሰምቶ፣ ቦታውን ይዞ፣ ሦስት አራት ወር በሰላም ማረፍ ይችላል። የጂማት ውጤት አምስት ዓመት ስለሚያገለግል ፈተናውም ሥራ አያስለቅቅም። ለመማር ብቻ ከሆነ ከማመልከት በፊት ሥራ መልቀቅ አያስፈልግም። የሚያስለቅቀው ድካሙ ነው፤ እሱን ደግሞ በስሙ መጥራት ይሻላል።

ሁላችንም ይህን ምርጫ እኩል እንደሌለን አውቃለሁ። ሚኒያፖሊስ ያለ አንድ ጓደኛዬ «አንተ ግሪን ካርድ ስላለህ ነው የምትቀብጠው» ብሎኛል፤ እውነቱን ነው። ኤች ዋን ቢ ላይ ያለ ሰው ሥራው ከቆመበት ቀን አንስቶ ያለው የእፎይታ ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። በኦፒቲ ያለ ተማሪ በድምሩ ከ90 ቀን፣ የስቴም ማራዘሚያ ካገኘም ከ150 ቀን በላይ ያለ ሥራ መቆየት አይችልም። እንዲህ ላለው ሰው «ልቀቅና ራስህን ፈልግ» ማለት ሹፈት ነው። እኔም በዚያ ኩባንያ ስምንት ዓመት የቆየሁት ሥራውን ወድጄ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱን እየጠበቅኩ ነበር። ድካሙም ከዚያ ሳይጀምር አልቀረም።

ወረቀት ያለውም ቢሆን ዘሎ አይወጣም። በአሠሪው በኩል የነበረውን የጤና መድን በኮብራ እስከ 18 ወር ማቆየት ይቻላል፤ ነገር ግን አሠሪው ይከፍል የነበረውንም ጨምሮ እስከ 102 በመቶ የሚከፍለው ራሱ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ያለን በኤምኤንሹር በኩል ሌላ መድን ለመግዛት መድናችን ከተቋረጠ በኋላ 60 ቀን አለን። ከዚያ የአገር ቤቱ ጉዳይ ይመጣል። ለእናቴ በየወሩ የምልከውን የአንድ ዓመት አስቀድሜ ለይቼ አስቀመጥኩ። እቁቤንም ከፍዬ እስክጨርስ ጠበቅኩ፤ ደመወዝ የሌለው ሰው እቁብ ውስጥ መቆየቱ ሌሎቹን ማስጨነቅ ነው። ዕረፍቴ የእናቴን አስቤዛ የሚነካ ቢሆን ኖሮ ዕረፍት አልለውም ነበር።

ደግሞ «ዕረፍት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉንን አልቀበልም። የኢትዮጵያ የሠራተኛ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። እዚህ አሜሪካ አሠሪን ለዚህ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ከትምህርት አንድ ዓመት ወጣ ብሎ መመለስም ለኛ አዲስ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ አገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። ያ ግዴታ እንጂ ዕረፍት አልነበረም። ሆኖም በትምህርት መሀል አንድ ዓመት ቢያልፍ ሕይወት አይበላሽም ብለው የሚያምኑ ሰዎች እንደነበሩን ያሳያል።

እኔስ ምን ሆንኩ? የመጀመሪያውን ወር ተኛሁ። በረዶው ሲቀልጥ በየጠዋቱ በካርቨር ሐይቅ ዙሪያ እየሄድኩ ስልኬን ቤት መተው ለመድኩ። ሁለት ወር እናቴ ጋ ከረምኩ፤ ያን ያህል አብሬያት ስቀመጥ አሜሪካ ከመጣሁ የመጀመሪያዬ ነው። ተመልሼ ላይብረሪ ቁጭ ብዬ ለጂማት ማጥናት ስጀምር ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ድካሙ ሲለቀኝ፣ ለኤምቢኤ የነበረኝ ጉጉት ግማሹ አብሮ ለቀቀኝ። የቀረው ግማሽ ግን የምር ነበር። ቡድን መምራትና የበጀት ቋንቋ መማር እፈልጋለሁ፤ ለዚህ ደግሞ ሁለት ዓመት ከሥራ መውጣት አላስፈለገኝም።

በስምንተኛው ወር ሌላ ኩባንያ ገባሁ። አሁን የማመለክተው ለትርፍ ሰዓት ኤምቢኤ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ካርልሰን ትምህርት ቤትም የሴንት ቶማስ ዩኒቨርሲቲም ለሠራተኞች የሚሆን ፕሮግራም አላቸው። አሠሪ ለትምህርት ከሚከፍለው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ ስለሆነ፣ የሚከፍል አሠሪ ያለው ሰው ከመልቀቁ በፊት ይህን ያስብ። ማመልከቻው ስለ ስምንቱ ወር ሲጠይቀኝም አልቀባባሁትም። «ደክሞኝ ነበር፤ እናቴ ጋ ሄድኩ፤ አጠናሁ» ብዬ ጻፍኩ።

የኔ መንገድ የሁሉም ነው አልልም። አርፎ ሲነቃ የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤ ፍላጎቱ የሚብስበት ሰው ይኖራል፤ እሱ ይሂድ፣ ይቅናው። ማመልከቻ ለመጻፍ የተቀመጣችሁ ግን አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ነገ አለቃዬ የሦስት ወር ዕረፍት ከነደመወዙ ቢሰጠኝ፣ ይህን ትምህርት አሁንም እፈልገዋለሁ? መልሱ «አይ» ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ወር ነው፤ ሁለት መቶ ሺህ ዶላር አታውጡበት። ወላጆችና ታላላቆቻችንም፣ ልጃችሁ ደውሎ «ደክሞኛል» ሲላችሁ «ተባረርክ እንዴ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ያህል ጊዜ ሆነህ?» ብላችሁ ጠይቁት።