የመንገደኛ ፍተሻና የነጋዴ ገመና

ዕቃ ለማስመጣትም ሆነ የአገሩን ምርት በውጭ ለመሸጥ የሚነሣ ነጋዴ ወደ አይሮፕላን ከመግባቱ አስቀድሞ የግድ የሚያልፍበት አንድ በር አለ፤ ይኸውም የፍተሻ በር ነው። በዚህ በር ቀበቶውን ይፈታል፤ ኪሱን ያራግፋል፤ ሻንጣውን ያስመረምራል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ፍተሻ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ አስተዋይ ነጋዴ የለም። ነገር ግን ፍተሻው ምን ለማግኘት እንደሚደረግና የት ላይ እንደሚቆም በግልጽ ካልተወሰነ፥ ለደኅንነት ሳይጠቅም የሰውን ክብርና ጊዜ የሚያጠፋ ይሆናል።

የፍተሻው ሥርዐት ያደገው አደጋን እየተከተለ ነው። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ዘመን መለወጫን በሚያከብሩበት ዕለት በአሜሪካ አራት አይሮፕላኖች ተጠልፈው ብዙ ሺሕ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፥ ቁጥጥሩ በዓለም ሁሉ እጅግ ጠበቀ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አንድ መንገደኛ ፈንጂ በጫማው ደብቆ በመገኘቱ ጫማ ማውለቅ መጣ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በፈሳሽ ፈንጂ አይሮፕላኖችን ለማጥፋት የተዶለተው ሤራ በመጋለጡ፥ ከ100 ሚሊ ሊትር በሚበልጥ ዕቃ ፈሳሽ በእጅ ይዞ መግባት ተከለከለ። ደንቡ ፈጥኖ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ይዘገያል። በአሜሪካ መንገደኛው ሁሉ ጫማውን ማውለቁ የቀረው በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ነው።

መንገደኛውን የሚያስቸግር ነገር ሁሉ ደኅንነትን ያመጣል ማለትም አይቻልም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አይሮፕላን ተጠልፎ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ከባሕር በወደቀ ጊዜ፥ ከ175 ሰዎች 125ቱ አልቀዋል። ጠላፊዎቹ የያዙት መጥረቢያ ከዚያው ከአይሮፕላኑ የተወሰደ ነበር። ለእንዲህ ያለው አደጋ ዋናው መከላከያ የአብራሪዎችን ክፍል በጠንካራ በር መዝጋት ነው፤ ይህም ከጥቅምት 1996 ዓ.ም. ጀምሮ በታላላቅ የመንገደኛ አይሮፕላኖች ላይ ግዴታ ሆኗል። በሩ ከመንገደኛው አንዲት ደቂቃ እንኳ አይወስድም።

«የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያሳፍረዋል?» የሚሉ አይጠፉም። ነጋዴ ግን ወንጀል ባይኖርበትም ገመና አለው። በሻንጣው ውስጥ የዋጋ ዝርዝር፥ ገና ለገበያ ያልቀረበ የዕቃ ናሙና፥ ከደንበኛው ጋር የተዋዋለበት ወረቀት ይገኛል። ገንዘቡ በተሰለፈው ሕዝብ ፊት ቢቈጠር፥ ከአይሮፕላን ጣቢያው ሳይወጣ ለሌባ ተጠቈመ ማለት ነው። ስለዚህ የሁለት ሥራዎችን ድንበር መለየት ይገባል። ጉምሩክ ቀረጥና የተከለከለ ዕቃን ይመለከታል፤ የደኅንነት ፈታሽ ግን የሚፈልገው አይሮፕላኑን የሚጎዳ ነገር ነው። የጦር መሣሪያና ፈንጂ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ፥ ወረቀት ማንበብም ሆነ ናሙናው ከየት እንደ ተገዛ መጠየቅ የእርሱ ተግባር አይደለም።

ደኅንነትና ገመና አብረው ሊጠበቁ እንደሚችሉ የታየ ምሳሌ አለ። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. አንድ መንገደኛ ፈንጂ በውስጥ ልብሱ ይዞ ወደ አሜሪካ ከበረረ በኋላ፥ ገላን በልብስ ውስጥ የሚያሳዩ መሣሪያዎች በዚያ አገር በዙ። ሕዝቡ አቤት በማለቱ የራቁት ምስል የሚያወጡት የራጅ መሣሪያዎች በ2005 ዓ.ም. ከጣቢያዎቹ ተነሡ፤ የቀሩት የሁሉንም ሰው አካል በአንድ ዐይነት ሥዕል ብቻ እያመለከቱ የሚያጠራጥረውን ስፍራ የሚጠቁሙ ሆኑ።

ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ አንዷ የሆነችበት የ1937 ዓ.ም. የቺካጎ ስምምነትም ሁለቱን አላጣላም። የመንገደኛንና የዕቃን ጉዞ ስለ ማቃለል የሚናገረው ዘጠነኛው አባሪ በ1941 ዓ.ም.፥ ስለ ደኅንነት የሚናገረው ዐሥራ ሰባተኛው አባሪ በ1966 ዓ.ም. ወጥተዋል። ይኸው የኋለኛው ራሱ፥ ጥበቃው ሳይጓደል መጓተቱ በተቻለ መጠን እንዲያንስ ይመክራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የሰውን አካልና ንብረት ከአግባብ ውጭ ከመበርበር ይጠብቃል።

እንግዲህ የሚፈለገው ፍተሻውን ማላላት ሳይሆን ሥርዐት ማስያዝ ነው። አካልን በእጅ መፈተሽ ሲያስፈልግ ሴትን ሴት፥ ወንድን ወንድ ይፈትሽ፤ ገንዘብና ናሙና የሚታይበት ሻንጣ በተከለለ ክፍል ባለቤቱ ባለበት ይከፈት፤ ተበደልሁ የሚል መንገደኛ አቤቱታውን የሚሰማ ሹም በአጠገቡ ያግኝ። ነጋዴውም በበኩሉ በጊዜ ይድረስ፤ የናሙናውን ማስረጃ አዘጋጅቶ ይያዝ፤ ማሳወቅ የሚገባውን ገንዘብ ለጉምሩክ ያሳውቅ። ሁለቱ ወገኖች ድርሻቸውን ሲፈጽሙ አይሮፕላኑ በሰላም ይበርራል፤ ነጋዴውም ክብሩ ሳይነካ ወደ ገበያው ይደርሳል።