የባቢሎን ሕፃናት

አንዲት እናት ከጀሞ ሁለት ኮንዶሚኒየም የላኩልኝ ጥያቄ ካደረብኝ ሰንብቷል። እኚህ እናት ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው ተነሥተው ዳዊት ይደግማሉ። ሰኞ የጀመሩትን ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ያለውን አድርሰው ይፈጽማሉ፤ ነገር ግን 136ኛው መዝሙር መጨረሻ ላይ ሲደርሱ አንደበታቸው ይታሰራል። የባቢሎንን ሕፃናት ይዞ ከድንጋይ የሚያላትመውን ሰው ብፁዕ ይለዋልና። «የልጅ ልጄ ካጠገቤ ተኝቶ ይኸን እንዴት ልበል? ብዘለውስ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ይላሉ።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎስ ምን ይመልሱላቸዋል?

በመጀመሪያ ቃሉን ማለስለስ አይገባም። ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ፈርሳ አገራቸውንና ወገናቸውን ያጡ ምርኮኞች ያሰሙት የበቀል ጩኸት ነው። ትእዛዝ ግን አይደለም።

አባቶች በዚህ ብቻ አልቆሙም። በ3ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ኦሪጀን (ኋላ ቢወገዝም በዚህ ነገር ብዙዎች ተከትለውታል) ለኬልሱስ በጻፈው መልስ፣ ባቢሎን መደናገር ማለት ነው፤ ሕፃናቷም በነፍስ ውስጥ የሚነሡ ክፉ አሳቦች ናቸው ብሎ ተረጐመው። በ6ኛው መቶ ዓመት ጣልያናዊው መነኩሴ ቤኔዲክቶስ ድንጋዩ ክርስቶስ መሆኑን በመነኮሳቱ ሥርዓት ውስጥ አገባ። የኛም መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ ፊት ሲያዩት የኖሩ ስለሆነ መንገዱ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ማር ይስሐቅና ፊልክስዩስ ሲተረጐሙ የሰማ ሰው ውጊያው በልብ መሆኑን ያውቃል።

እኔን የሚያስደንቀኝ «ሕፃናት» መባላቸው ነው። ክፉ አሳብ ሲወለድ ትንሽ ነው፤ እቀፉኝም ይላል። ጎረቤት በደረጃው ላይ ሰላም ሳትል ታልፋለች፤ «ንቃኝ ይሆን?» የሚል ጨቅላ አሳብ ይወለዳል። ያን ጊዜ ቢሆን በአንድ «አቤቱ ማረኝ» ይወድቃል። በቡና ላይ ያጠቡት እንደሆነ ግን ማታውን ጥርስ ያወጣል፤ በሳምንቱም ጢም አብቅሎ በር ይደበድባል። ይኸን የምጽፈው በሰው ላይ አይቼ ብቻ አይደለም።

እኚህ እናት ከደብዳቤያቸው ግርጌ በደቃቅ ፊደል አንድ ነገር ጨምረዋል። «ለማንም አልጠቅምም፤ ብሞት ይሻላል» የሚል አሳብ ሌሊት ሌሊት ይመጣባቸዋል።

እመቤቴ፣ ይኸ ሕፃን አይደለም፤ ያደገ ነው። ብቻዎን አይግጠሙት። አሳቡ መምጣቱ ኃጢአትዎ አይደለም፤ አሳቡም እርስዎ አይደሉም። ያው ቤኔዲክቶስ እንኳ አሳብን ከድንጋዩ አላትሙ ካለ በኋላ ለመንፈሳዊ አባት ንገሩ ይላል። ዛሬውኑ ለንስሐ አባትዎና ለልጅዎ ይንገሩ፤ ነገ ሳይሉም ወደ ሐኪም ይሂዱ። አማኑኤል ሆስፒታል እንዲህ ያለው ሕመም የሚታከምበት ቤት ነው፤ ዳዊትም ከሐኪም ጋር ተጣልቶ አያውቅም።

ስለ መዝለሉ የጠየቁኝን በተመለከተ፣ የልጅ ልጅዎን ሳይቀሰቅሱ በቀስታ ይበሉት። ካልሆነልዎም ይለፉትና በሚመጣው ቅዳሜ ይመለሱበት።