ከስሙ ይልቅ ትርጉሙ ይጽና
የሊኑክስ ከርነል ሲታደስ፣ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ፕሮግራም እንዳይሰናከል ጥብቅ ደንብ ተደንግጓል። ይህ ደንብ ግን ለአፈጻጸም መለኪያዎች ብቻውን በቂ አይደለም፤ የመለኪያው ስም ሳይለወጥ ትርጉሙ ሊዛባ ይችላልና።

ብዙ ፕሮግራሞች ለአዲስ ሥራ የሚተርፈውን ማህደረ ትውስታ ለመገመት «ሜምኢንፎ» በተሰኘው ፋይል የሚገኙትን «ነፃ» እና «ካሽ» የተባሉ ቁጥሮች ይደምሩ ነበር። «ካሽ» ግን ፕሮግራሞች በጋራ የያዙትንና እንደ ፋይል ካሽ የማይለቀቀውን ክፍልም ስለሚያካትት ድምሩ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 3.14 ስሪት ግምቱን ከርነሉ ራሱ አስልቶ የሚያቀርብበት «ሜምአቬይለብል» የተባለ መስመር ጨመረ። ከእንግዲህ የውስጡ አሠራር ቢለወጥ ስሌቱ በአንድ ስፍራ ይታረማል።

ስለዚህ ዋስትናው ሊጸና የሚገባው ቁጥሩ በሚመልሰው ጥያቄ ላይ ነው። አለበለዚያ የሰርቨር አስተዳዳሪው ማህደረ ትውስታው እያለቀ ሞልቷል ብሎ ይዘናጋል።